ብረት ያነገተና ብረት የቀጠቀጠ

በመካነ ሰላም ገበያ «እገሌ ብረት አለው» የተባለ እንደ ሆነ፣ ሰሚው ማረሻ ነው ወይስ መጥረቢያ ብሎ አይጠይቅም። ጠመንጃ አለው ማለት መሆኑን ሕፃንም ያውቀዋል። አማርኛ ለዚህ መሣሪያ ስም አጥቶለት አይደለም። ነፍጥ ብሎታል፤ ጠመንጃ ብሎታል፤ እንደ ሥሪቱና እንደ ዘመኑም ሰናድር፣ ረሚንግተን፣ ውጅግራ፣ አልቢን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ ክላሽ እያለ ጠርቶታል። ይሁን እንጂ ማረሻው፣ ወገሉ፣ ማጭዱና መጥረቢያው ሁሉ ብረት ሆነው ሳሉ፣ የቤተ ሰቡን ስም ለብቻው ጠቅልሎ የወሰደው የሚተኮሰው ብረት ነው።

ነገሩ የቋንቋ ብቻ አይደለም። በዓባይና በበሽሎ ገደሎች መካከል በተንሰራፋው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና፣ በአማራ ሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በከላላና በወግዲ፣ ሁለት ዓይነት የብረት ሰዎች ኖረዋል። አንደኛው ብረት ያነገተው ነው፤ በሰርግ የከበሬታ ስፍራ ይሰጠዋል፤ በፉከራና በቀረርቶ ይወደሳል፤ አልሞ ተኳሽ ከሆነማ ስሙ ወንዝ ይሻገራል። ሁለተኛው ብረት የቀጠቀጠው ነው፤ ገበሬው አፈሩን የሚገለብጥበትን ማረሻ የሚሠራለት እሱ ሆኖ ሳለ ጠይብ ይባላል፤ ቡዳ ነው ተብሎ ይታማል፤ ከእሱ ጋር በጋብቻ መተሳሰር እንደ ውርደት ይቈጠር ነበር። አንዱ ማዕድን ለአንዱ ማዕረግ፣ ለሌላው ነውር ሆነ። ታዲያ ከሁለቱ ብረትን በእርግጥ የሚያውቀው የትኛው ነው?

ብረትና አረብ ብረት የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የሚለያያቸው በውስጣቸው ያለው የካርቦን መጠን ነው። ካርቦን ከሞላ ጎደል የሌለበት ብረት ለስላሳ ነው፤ ይታጠፋል፤ ስለቱም አይበረክትም። ካርቦኑ ከመቶ 2 እጅ በላይ የሆነው ደግሞ በእሳት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፤ ነገር ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። አረብ ብረት በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ይጠነክራል፣ ይለመጣል፣ ተለምጦም ወደ ቦታው ይመለሳል። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ መሆኑን ይመሰክራል።

የደጋው ቀጥቃጭ ይህን በመቶኛ አስልቶ አያስረዳም፤ በእጁ ግን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ባሌስትራ ሲያገኝ ፊቱ የሚፈካው ያለ ምክንያት አይደለም። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ያለበት ምርጥ አረብ ብረት ነው። ወናፉ በሚያናፋው ፍም ውስጥ ጨምሮ እስኪቀላ ያግለዋል፤ በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ ይቀጠቅጠዋል፤ ቅርጹን ሲይዝለት ውሃ ያጠጣዋል። ድንገት የቀዘቀዘው ብረት እንደ መስተዋት ይደርቃል፤ እንደ መስተዋትም ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሙያው ከዚህ በኋላ ነው። ገጹን በሞረድ ጠርጎ እንደገና በስሱ ያሞቀዋል፤ ዓይኑንም ከብረቱ ላይ አይነቅልም። መጀመሪያ የገለባ ቢጫ ይመጣል፤ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ። ቢጫው 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ለስለት ይበጃል። ሰማያዊው ወደ 300 ይጠጋል፤ ለሞላ ይበጃል። በሁለቱ ቀለሞች መካከል ያለው ጊዜ ከጥቂት ትንፋሽ አይበልጥም። አንድ ትንፋሽ የዘገየ እንደ ሆነ ቢላዋው ይዶለዱማል፤ አንድ ትንፋሽ የቸኮለ እንደ ሆነ ሞላው ይሰበራል። ቴርሞሜትር በሌለበት ጎጆ ውስጥ የዓይን ቀለም አዋቂነት ይህን ያህል ከተራቀቀ፣ ሠዓሊያን ወንድማቸውን የሚያገኙት ከወናፉ አጠገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጠመንጃም ቢሆን ያለ ሞላ በትር ነው። ቃታ ሲሳብ ጥይቱን የሚወጋውን መርፌ ወደ ፊት የሚወረውረው፣ ካዝናውም ውስጥ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ሞላ ነው። የኩሩው ባለ ብረት ሞላ ሲደክም፣ ሰደፉም ሲሰነጠቅ፣ በቀን የሚሸሸውን ሰው ደጅ ማንኳኳት ግድ ይሆንበት ነበር።

ከዚህ ደጋ ሳይርቁ፣ ብረት ማንገትና ብረት ማወቅ ፊት ለፊት የተፈተኑበት ስፍራ አለ። ይኸውም ዛሬ በተንታ ወረዳ የሚገኘው መቅደላ፣ አምባ ማርያም ነው።

አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑት በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት በጥቁር ባሕር ዳርቻ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው የሩሲያን ምሽግ ሴባስቶፖልን ከበው በመድፍ ይደበድቡ ነበር። የዚያ ጦርነት ወሬ ወደ ሁለት አቅጣጫ ሄደ። በአንድ ወገን ሄንሪ ቤሰመር የተባለ እንግሊዛዊ ፈልሳፊ አዲስ ዓይነት የመድፍ ጥይት አበጅቶ ለፈረንሳዮች ሲያሳይ፣ የጊዜው መድፍ ከደካማ ብረት የተሠራ ስለ ሆነ ያን ጥይት አይችለውም ተባለ። ሰውዬው ጥይቱን ትቶ ብረቱን ያጠና ጀመር። በነሐሴ 1848 ዓ.ም. በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር በመንፋት ትርፉን ካርቦን አቃጥሎ፣ ቀድሞ በቀናት ይገኝ የነበረውን አረብ ብረት በግማሽ ሰዓት ውስጥ በብዙ ኩንታል የሚያወጣ ዘዴ ይፋ አደረገ። በሌላው ወገን ደግሞ የዚያ ምሽግ ስም ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት፣ ላይ በሚፈስስ መድፍ ግንባር ላይ ወደቀ።

ጋፋት ላይ የተደረገው ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ተረት ይወራል፤ ታሪክነቱ ግን ከተረትነቱ ይበልጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን ቫልድማየርን፣ ዛልሙለርን፣ ቤንደርንና ጓደኞቻቸውን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። እነሱ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንደገና ሞከሩ። በ1859 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ሴባስቶፖል የብረት መድፍ አለመሆኑ ነው፤ ነሐስ ነው። ነሐስ በ1000 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ አረብ ብረት ግን ወደ 1500 ይጠጋል። የጋፋት ምድጃ የመጀመሪያውን ደረሰበት፤ ሁለተኛው ከአቅሙ በላይ ነበር። በዚያው ዓመት በፓሪስ በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን የጀርመኑ ክሩፕ 50 ቶን የሚመዝን የአረብ ብረት መድፍ አቁሞ አሳይቷል። በጋፋትና በክሩፕ መካከል የነበረው ርቀት የጀግንነት አልነበረም፤ የ500 ዲግሪ ሙቀት ነበር።

ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሣ። መንገድ አልነበረም፤ ተሠራ። ዓለት ተፈለጠ፤ ገደል ተቆረጠ። በመቶ የሚቈጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ እንዳይሮጥ ወደ ኋላ እየያዘው፣ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች ወርዶና ወጥቶ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ከዙላ ወደብ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦርም በሌላ አቅጣጫ ወደዚያው ይገሠግሥ ነበር። ታላላቆቹን መድፎች 44 ዝሆኖች ተሸክመውለታል። ይበልጥ የሚያስገርሙት ግን ዝሆን ያላስፈለጋቸው ናቸው፤ ከ70 ኪሎ የማይበልጡ፣ በበቅሎ ጀርባ የሚጫኑ የተራራ መድፎች። የተሠሩትም ከአረብ ብረት ነበር። ሴባስቶፖል መቶ እጥፍ ይከብዳቸዋል። አረብ ብረት የሰጠው ትልቁ ነገር ግዝፈት ሳይሆን ቅለት ነበር፤ ቀጭን ሆኖ የሚችል ብረት በቅሎ ላይ ይወጣል፣ ወታደርም ጫንቃ ላይ ይንጠለጠላል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዞ ወደ እሮጌ ሜዳ ወረደ። ከፈላ ተራራ ከተተኮሱት ታላላቅ መድፎች አንዱ ከመጠን በላይ ባሩድ ስለ ጎረሰ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። በሜዳው ላይ የኢትዮጵያ ወታደር ባሩዱንና አረሩን በአፈሙዙ እያስገባ በዘንግ የሚጠቀጥቅ ጠመንጃ ይዞ ነበር። እንግሊዞች የያዙት ስናይደር ግን ጥይቱን ከኋላ የሚጎርስ፣ በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ የሚተኮስ ነበር። ከኢትዮጵያ ወገን ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰው ወደቀ። ከእንግሊዝ ወገን 20 ቆሰሉ፤ ከእነሱም 2ቱ በኋላ ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። እሮጌ ላይ አረብ ብረት ለስላሳ ብረትን አሸነፈ የሚል ሰው ግማሽ እውነት ብቻ ይዟል። የዚያን ቀኑ ስናይደር አፈሙዙ ገና ተራ ብረት ነበር፤ የአረብ ብረት አፈሙዝ የመጣለት በ1861 ዓ.ም. በወጣው በሦስተኛው ሥሪት ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ከኋላ የሚከፈተውና የሚዘጋው መዝጊያ፣ ማለትም በልክ የተሞረደ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይለይ በሺህ የተባዛ ሥራ ነው። ይህም የተኳሽ ሙያ አይደለም፤ የቀጥቃጭ ሙያ ነው። ስናይደርም «ሰናድር» ሆኖ በአማርኛ ውስጥ ቀረ፤ የሠሪውን ስም ግን ማን ጠየቀ?

ከመቅደላ በኋላ ጠመንጃ በግዢ፣ በስጦታና በምርኮ ጎረፈ። በ1879 ዓ.ም. ወደ ሸዋ 2000 ያህል ጠመንጃ አስጭነው ከመጡት ነጋዴዎች አንዱ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ረምቦ እንደ ነበር የጥበብ ሰዎች ያውቁታል፤ ግጥሙን ከተወ ቆይቶ ነበር፣ ጠመንጃውም አሮጌ ነበር። በ1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ ሠራዊቱ እንዲሰበሰብ የተቀጠረው በዚሁ በወሎ ደጋ፣ ወረኢሉ ላይ ነው። ከዚያ የተነሣው ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ ነበረው፤ በተለይ ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» የሚሉት፣ ሕዝቡ አሳምሮ ውጅግራ ያለው፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርሰው ጠመንጃ ገኖ ነበር። ድሉ ከተገኘ በ36ኛው ቀን፣ መጋቢት 29 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በአቴና የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ተከፈተ፤ ዒላማ ተኩስም ከውድድሮቹ አንዱ ነበር። በ200 ሜትር የጦር ጠመንጃ ያሸነፈው ግሪካዊው ፓንቴሊስ ካራሴቭዳስ ነው። የግሪክ ጦር በዚያ ዘመን የታጠቀውም ይህንኑ ውጅግራ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ሥሪት በአንዱ አገር የነጻነት መሣሪያ፣ በሌላው አገር የስፖርት ዕቃ ሆኖ ታየ።

በወሎ ደጋ ግን ተኩስ ርካሽ ጨዋታ ሊሆን አልቻለም። በዚያ ዘመን ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ በገበያ ይመነዘር ነበር። ጥይት የሚተኩስ ሰው በእርግጥ ብር ይተኩስ ነበር ማለት ነው። አልሞ ተኳሽነት የተከበረው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስላል፤ አንድ ጥይት፣ አንድ ዒላማ፣ አንድ ፍርድ። ከገደሉ ማዶ የተመረጠች ነጭ ድንጋይ፣ በአንድ ጉልበት የተንበረከከ ጎልማሳ፣ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ ጉባኤ። የሳተ ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ጥይቱንም ስሙንም።

ያ ተኳሽ ሳያውቀው ስንት ነገር ያግዘው ነበር! ቃታው በተሳበ ቅጽበት በአፈሙዙ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት የሚችለው አረብ ብረቱ ብቻ ነው። በዘመናችን በክላሽ ውስጥ ይህ ግፊት ከተራው የአየር ግፊት 3500 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ርዝመቱ 415 ሚሊ ሜትር በሆነው አፈሙዝ ውስጥ የተቀረጹት አራት ጠምዛዛ ቦዮች አረሩን ያሽከረክሩታል፤ በየ240 ሚሊ ሜትሩ አንድ ዙር ስለሚዞር በሴኮንድ ወደ 3000 ጊዜ እየተሽከረከረ ይወጣል። ካልተሽከረከረ እንደ ተወረወረ ጠጠር ይገላበጥና አቅጣጫውን ይስታል። ቦዮቹ እንዳይበሉ ውስጡ በክሮም ይለበጣል። ተራራውም የበኩሉን ይረዳል፤ መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከቆላው የሳሳ ነው፤ አረሩም ብዙ ሳይገታና ብዙ ሳይዘቅጥ ይሄዳል። በዓባይ በረሃ ተስተካክሎ የነበረ ጠመንጃ ደጋ ሲወጣ ከዒላማው ከፍ ብሎ የሚመታው ስለዚህ ነው። ተኳሹ ይህን «ብረቱ ዐመሉን ቀየረ» ይል ይሆናል።

በሌሎች አገሮች ለጨዋታ የሚተኩሱ ሰዎች ዒላማውንም ከአረብ ብረት ያበጁታል። በሰንሰለት የተንጠለጠለ ሳህን ሲመታ ይደወላል፤ ተኳሹ ሄዶ ቀዳዳ መቁጠር የለበትም። ዘዴው ቀላል ቢመስልም ያለ ዕውቀት አደገኛ ነው። ሳህኑ ለስላሳ ብረት ከሆነ አረሩ ጎድጓዳ ያበጅበታል፤ የሚቀጥለው አረር ስብርባሪ ከዚያ ጎድጓዳ ዞሮ ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ስለዚህ እሳትና ውሃ አልፎበት በብሪኔል መለኪያ 500 ያህል ጥንካሬ ያለው ብረት ይመረጣል፤ ሳህኑ ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ርቀት ይጠበቃል፤ ዓይን በመነጽር ይሸፈናል። በኢትዮጵያ ገጠር ተንጠልጥሎ የሚደወል አረብ ብረት ሌላ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ላይ የታሰረ የመኪና ቸርኬ፤ መምህሩ በብረት ዘንግ ሲመታው ሕፃናት ወደ ክፍላቸው ይሮጣሉ።

በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ግን ከዒላማ ጋር ዝምድና የለውም። ወደ ላይ የወጣ አረር መውረዱ አይቀርም፤ የሚወርድበትንም ስፍራ የመረጠ የለም። የድሮው አልሞ ተኳሽ ይህን ቢያይ እንደ ጥይት አባካኝነት ይቈጥረው ነበር፤ ትክክልም ነበር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ወስኖታል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ሰርግ ነው ብሎ የሚገምት ሰው ጥቂት ነው። በደጋው የጠፋው ዒላማ ተኩስ ብቻ ሳይሆን ተኩስን በጨዋታ የመስማት ልብም ነው።

የቀጥቃጩ ነገር ቀስ በቀስ ተለውጧል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በርናጭ እያሉ መሳደብን ከልክለው፣ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ይቈጠራል ብለው ነበር። አዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ሐሜትን ግን አይከለክልም። ሐሜቱ ከአዋጁ በኋላ ብዙ አሥርት ዓመታት በየመንደሩ ኖሯል። አንዳንድ የቀጥቃጭ ልጆች ሙያውን የተዉት ገበያ ስላጡ ሳይሆን ስሙን ስለ ጠሉ ነው። በሥዕል፣ በልብ ወለድና በመድረክም ብረት ያነገተው ጀግና ስፍራ አጥቶ አያውቅም፤ ከወናፉ አጠገብ የተቀመጠው ግን ባለ ታሪክ ሆኖ የተጻፈበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አገሪቱ በኋላ ዘመን የራሷን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስታቋቁም ስሙን ጋፋት አለችው። በአዲስ አበባ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ፣ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል፤ እውነተኛው ግን እስከ ዛሬ እዚያው ከተጎተተበት ተራራ ላይ ነው፤ ነሐስ አይዝግምና። የቫልድማየር፣ የዛልሙለርና የቤንደር ስም በየመጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል። ከእነሱ ጋር ሙያ እንዲማሩ ወደ ጋፋት የተላኩት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ ወናፉን የረገጡት፣ የቀለጠው ነሐስ ቅርጹ ውስጥ ሲወርድ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጋርደው የቆሙት ግን በስም አልተመዘገቡም።